እናቴ ከነማሰሮዋ

ወረታ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግ ባነር አትማለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሰዉ "በኤአይ ሥሪልኝ" እያለ ይመጣል፤ የጻፉለትን በምስል የሚያወጣ የስልክ ፕሮግራም ነው። አንዱ ካባ ደርቦ፣ ሌላዋ ዘውድ ደፍታ መታየት ያምራቸዋል። እሠራላቸዋለሁ።

እኔን ያማረኝ ግን የእናቴ ምስል ነበር፤ ፎቶ፣ ቀለም፣ የተቀደደ ወረቀትና ጨርቅ የተደባለቁበት፣ የዘመኑ ሠዓሊዎች የሚሠሩት ዓይነት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ይፋግ ገበያ እንስራና ማሰሮ እየሸጠች አሳደገችኝ። በእሷ ማሰሮ ወጥ የሚሠሩት ሰዎች እሷን ቡዳ ይሏታል፤ ስታልፍ ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ።

ስልኬ ላይ "ኢትዮጵያዊት ሸክላ ሠሪ" ብዬ ለኤአዩ ጻፍኩለት። ቡትቶ የለበሰች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ የደረቀ ሴት መጣች። ደገምኩት፤ አሁንም ታለቅሳለች። "ኩሩ" የሚል ቃል ብጨምርበት አንገቷ ላይ ዶቃ ከምሮ የሌላ አገር ሰው አደረጋት። ደሜ ፈላ። እናቴ በሰው ፊት ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ይኼ ነገር በምን መብቱ ያስለቅሳታል?

በማግስቱ እናቴ ቤት ሄጄ ፊቷን፣ እጇን፣ ማሰሮዋን፣ የደረቀ ጭቃዋን፣ ደጅ የተከመረውን የሩዝ ገለባ ሁሉ ፎቶ አነሳሁ።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አለችኝ።

"ሱቄ ውስጥ ልሰቅልሽ።"

"ተይ ልጄ፣ ደንበኛ ይሸሽሻል።"

"ይሽሽ!"

የራሷን ፎቶዎች ለኤአዩ ስሰጠው ምስሉ ተለወጠ። ፊቷ የራሷ ፊት፣ አንገቷ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ትከሻዋ የማዳበሪያ ጆንያ ቅዳጅ፤ ክንዷ ላይ ማሰሮ። የግንባሯን መስመሮች ግን አጥፍቷቸዋል። አተምኩትና መስመሮቹን በከሰል መለስኳቸው፤ ከደጇ ያመጣሁትን ገለባም በሙጫ ለጠፍኩበት። ከመግቢያው ትይዩ ሰቀልኩት።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የልጃቸውን የሠርግ ባነር ሊያሠሩ መጡ። ምስሉን አዩት።

"ፊቷስ መልካም ነው። ማሰሮውን ግን አጥፊው። ሙሽራ የሚገባበት ቤት እኮ ነው።"

"ጋሼ፣ እናቴ ናት። ማሰሮውም የእሷ ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ፎቶ ቤት አሠራለሁ።"

"እንደ ፈቃድዎ።"

ወጡ። ወሬው ተዛመተ፤ የሠርግ ሥራ ቀረብኝ። የተረፈኝ መታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር።

እናቴም ወሬውን ሰምታ መጣች። አውርጂው ልትለኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ምስሏ ፊት ብዙ ቆመች። ገለባውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ማሰሮውን አጥፊው አሉሽ አሉ?"

"አዎ።"

"እንዲያማ ከሆነ አሳድጊው!"

ማሰሮውን ከነእናቴ አሳደግኩት። ያለኝን ትልቁን የባነር ሸራ አውጥቼ እንደገና አተምኩትና ከደጄ በላይ፣ አስፋልቱን ፊት ለፊት እንድታይ አድርጌ ሰቀልኳት። ሽማግሌው አልተመለሱም። ቀስ በቀስ የተመለሱት ደንበኞች ግን ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ በእናቴ ሥር አልፈው ይገባሉ።