ሳንጠራቸው ድርቆሽ ሊያወርዱ የመጡት ጎረቤት

ኮሶዬ ላይ ቤታችን ከዳገቱ ሥር ነው፤ የሣር መሬታችን ደግሞ ከዳገቱ አናት። ያን ዓመት ድርቆሹን እንደ ወትሮው ከመከመር ይልቅ በእንጨት ሳጥን ውስጥ እየረገጥን በቃጫ ገመድ አሰርነው። ቦታ ይቆጥባል ብለው ያስተማሩን የግብርና ባለሙያ ናቸው። እንዴት እንደሚወርድ ግን አልነገሩንም። ትራክተር እዚያ ቁልቁለት ላይ አይታሰብም። በአህያችን ሁለት እስር ብንጭን፣ ጭነቱን ቁጥቋጦ ያዘውና ገደል ልትገባብን ለጥቂት ተረፈች።

ስለዚህ እኔና ባለቤቴ በጀርባችን ማውረድ ጀመርን። አንዱን እስር ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ገመዱ ትከሻ ይቆርጣል፤ የሣሩ ብናኝ አንገት ውስጥ ገብቶ ያሳክካል። ሦስተኛውን እንዳወረድን በስሜን ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

ጎረቤታችን ሽማግሌው የደረቀ የበሬ ቆዳ ተሸክመው የመጡት ያኔ ነው።

"ምነው ወገባችሁን ትሰብራላችሁ? ይኸ በጀንዴ ነው የሚጎተት" አሉ።

ቆዳውን ዘርግተው ሁለት እስር ጫኑበት። እኔ ከፊት ሳብኩ፣ እሳቸው ከኋላ በገመድ እየያዙ ፍጥነቱን ገቱ። ያለ ችግር ወረደ።

ነገሩ ሸጋ ነበር። ግን እኒህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በሣር መሬታችን ድንበር ከእኛ ጋር ተጣልተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

"ያለ ነገር አልመጡም። ድንበሩን ሊለኩ ነው" አለችኝ ባለቤቴ በጆሮዬ።

እኔም ዓይኔን ከእግራቸው አልነቀልኩም። የሚገርመው ድንበሩ ጋ ስንደርስ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ሁኔታቸው የሚለወጠው ግቢ ስንገባ ነው። እስሩን በር ላይ እንተወው ስላቸው፣ "የለም፣ ጠል ያገኘዋል፣ ውስጥ እንደርድረው" ይሉና ጋጣው ውስጥ ገብተው ይቆያሉ። አንዴ ቀስ ብዬ ብከተላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የከብት ገመድ እያገላበጡ ሲያዩ አገኘኋቸው።

"ምን ፈልገው ነው አያ?"

"ምንም። ጥሩ ገመድ ነው። ከየት አመጣኸው?"

"ከጎንደር ገበያ።"

"እህ" አሉ። እንዳላመኑኝ ፊታቸው ይናገር ነበር።

የመጨረሻውን እስር ስናስገባ ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከጋጣው ጀርባ ወዳለችው የተቆለፈች ክፍል በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ያችን ምን ታደርጉባታላችሁ?" አሉ።

ባለቤቴ ትዕግሥቷ አለቀ። "አያ፣ ምነው በግልጽ አይናገሩም?"

ዓይናቸውን ከክፍሏ በር ሳይነቅሉ መለሱ። "ጊደሬ ከጠፋች ሦስት ሳምንቷ። ዱካዋ እዚህ ዳገት ላይ ነው የጠፋ። ሰውም ከናንተ ቤት እንግዳ የከብት ድምፅ ይሰማል ይላል።"

ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ እሳቸውን በመሬት ቀማኛነት ስጠብቅ፣ እሳቸው ለካ እኔን በከብት ሌባነት ይጠብቁኝ ኖሯል። ባለቤቴ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ገብተው ይዩ።"

ውስጥ ያለችው ከእናቷ የለየናት ጥቁር ጥጃ ነበረች። ማታ ማታ የምትጮኸው እሷ ናት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጆሮዋን ሳይቀር ዳበሱ።

"የኔዋ ቡላ ናት" አሉ። ከዚያ ቆዳቸውን ጠቅልለው፣ "በሉ ደህና ዋሉ" ብለው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ። ያለ እሳቸው ድርቆሹ በስብሶ ይቀር እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ምስጋና ከአፌ አልወጣም።

ከአሥር ቀን በኋላ ጊደሯ ከአማቻቸው ከብቶች ጋር ተቀላቅላ መገኘቷን ከገበያ ሰማን። "እስቲ ራሳቸው መጥተው ይንገሩን" አለች ባለቤቴ።

መጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ላይ ቆመው፣ "ጊደሬ ተገኘች። በክፉ ስላየኋችሁ ይቅር በሉኝ" አሉ።

ይቅር አልናቸው። እኔም ስለ ድንበሩ የጠረጠርኩትን ልናዘዝ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ከሄዱ በኋላ፣ "ምነው? እኔስ ይቅርታ አልጠይቅም?" አልኳት።

"ዛሬስ ለምን እንደመጡ በምን አወቅህ?" አለችኝ። ዓይኗ ዳገቱን በድንበሩ በኩል ቀስ ብለው በሚወጡት ሽማግሌ ላይ ነበር።