ምርመራ ላይ የነበረችው መኪና

ከአንድ ሰው ጋር ለዓመታት በአንድ አምቡላንስ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው፣ ሳይጋባ የተጋባ ያህል ነው። ሲርበው እንዴት እንደሚነጫነጭ፣ ሲናደድ ጥርሱን እንዴት እንደሚነክስ፣ ሁሉንም ያውቃል። እኔ ነርስ ነኝ። መሪውን የምትይዘው ደግሞ ኤሊ ናት። ስሙን ለቀልድ ያወጡላት የሆስፒታሉ ጥበቃዎች ናቸው፤ ከእሷ የፈጠነ ሹፌር ግቢያችን ገብቶ አያውቅም። ግን ፍጥነቷ አይሰማም። ከኋላ ሆኜ በበሽተኛ ክንድ ላይ የደም ሥር ስፈልግ፣ እሷ የቱንም ኩርባ ብትጠመዝዝ መርፌዬ ስቶ አያውቅም።

ይህን የማወራው ግን አነዳዷን ላሞግስ አይደለም። የተደረገባትን ልናገር ነው።

ኤሊ በእረፍት ቀኗ ሌላ ሰው ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ አለ። የመኪና ክለቡ በየዓመቱ መንገዱን አዘግቶ ውድድር ያደርግበታል፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፣ ቶሎ ጫፍ የደረሰ ያሸንፋል። ኤሊ ጋራዥ ያለው ታላቅ ወንድሟ ከወዳደቀ ብረት በገጣጠመላት መኪና እየገባች፣ ከነቱታቸው ከነጓንታቸው የሚመጡትን የሀብታም ልጆች ላብ ስታስጠምቅ ኖረች። ዋንጫው ለጥቂት ነበር የሚያመልጣት። በመጨረሻ ሞተሩ መሃል ዳገት ላይ ጭሶ ቀረ።

"በቃ እህቴ" አላት ወንድሟ ኮፈኑን ዘግቶ። "ከዚህ በኋላ ይሄን ማስነሳት ሬሳ መቀስቀስ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ባሕር ማዶ ያለ ያገለገለ የውድድር መኪና በስልኳ ማሰስ የጀመረችው። በሽተኛ አድርሰን ስንመለስ፣ ተራ ስንጠብቅ፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። በኋላ አንድ ሽማግሌ አገኘች። በወጣትነታቸው ተወዳዳሪ የነበሩ፣ አሁን እጃቸው መሪ መያዝ የከበደው ሰውዬ። የሞተሩን ድምፅ ቀርጸው ላኩላት፤ ደጋግማ ትሰማው ነበር፣ እኔንም አሰለቸችኝ። ቋንቋቸውን የሚችል የጎረቤት ተማሪ ሲያስተረጉም፣ ሰውዬው ገንዘቡን ትተው አንድ ነገር ነበር የሚጨቀጭቁት፦ "ገበያ መሄጃ እንዳታደርጊያት።"

ለእናቷ ቤት ጣሪያ የተባለው ገንዘብ ሁሉ ለመኪናዋ ዋለ። እናቷ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳሎኑን በባልዲ የሚሞሉ ሴት ናቸው። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ስትነግራቸው፣ "ባልዲው ምን አለው? አንቺ ብቻ ቀበቶሽን እሰሪ" አሏት።

መኪናዋ ጉምሩክ ግቢ ደርሳለች የተባለ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ግቢው ጠጠር የፈሰሰበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ አቧራ የለበሱ መኪኖች ተሰልፈው ባለቤቶቻቸውን ይጠብቃሉ። የኛዋ ጥግ ላይ ቆማለች። ነጭ ናት፤ የሹፌሩ በር ብቻ ሰማያዊ ነው፣ ሽማግሌው ከሌላ መኪና ነቅለው የገጠሙት። ውስጧ ደግሞ ብትገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ በወፍራም የብረት ቧንቧ ዙሪያውን ታጥሯል። ኤሊ ጣሪያዋን በመዳፏ ዳበሰችው።

የግቢው ኃላፊ እየተንጎማለለ መጣ።

"የኋላ ወንበሩ የታለ?" አለ።

"የላትም ጌታዬ። የውድድር ስለሆነች ክብደት ለመቀነስ ተነቅሏል።"

"ወንበር ከሌለው የሰው መኪና አይደለማ። የጭነት ነው።"

"ጭነቱን የት አድርጌው ጌታዬ?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄ ሁሉ ብረትስ?"

"ብትገለበጥ ሹፌሩን እንዲያተርፍ ነው።"

"ለምን ትገለበጣለች?" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ገባና መሪውን ጨበጠ። ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ ማርሹን ነካካ፣ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ረገጥ አደረገ። ሲወርድ ዓይኑ እዚያው ቀርቶ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

"ኮሚቴ ይመረምራታል" አለ። "ሲያልቅ እንጠራሻለን።"

ማንም አልጠራትም። ፈረቃዋ ባለቀ ቁጥር እየሄደች መስኮት ሥር ትቆማለች። አንድ ቀን አብሬያት ስለነበርኩ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

"ምርመራ ላይ ናት" አለች የመስኮቷ ሴትዮ፣ ቀና ሳትል።

"ማነው የሚመረምራት?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴው መቼ ነው የሚቀመጠው?"

"ሲሟላ።"

"ማን ቀረ?"

"ሰብሳቢው።"

"ሰብሳቢው ማን ነው?"

"ኃላፊው ናቸዋ።"

"እንዴ! ኃላፊው እኮ እዚያ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነው!"

"ለሌላ ጉዳይ ነው የገቡት" አለችና መስኮቱን ዘጋችው።

መኪናዬን እንኳ ልያት ብላ ብትለምን፣ ምርመራ ላይ ያለ ንብረት ለባለቤት አይታይም ተባለች። ይህ ሕግ የት እንደተጻፈ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

በዚህ መሃል የዓመቱ ውድድር ደረሰ። መኪና የላትም፤ ይባስ ብሎ ለውድድሩ ተጠባባቂ አምቡላንስ ሆኖ የተመደበው የኛው ነው። ቦታችን ዳገቱ መሃል ላይ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ነበር። መነሻው ከእኛ አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚደርሰን። ኤሊ በሩን ተደግፋ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። መኪና ባለፈ ቁጥር ዓይኗን ወደ ዛፎቹ ትመልሳለች። ምን ልበላት?

ከዚያ ከታች አንድ መኪና ተነሳ። ኤሊ ከበሩ ተላቀቀች።

"ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች።

"የማን ነው?"

አንገቷን አዘንብላ ታዳምጣለች። "ማርሽ አይቀንስም እንዴ? ቀንስ... ቀንስ እንጂ! ይሄ ሰውዬ ኩርባውን አያውቀውም።"

የጎማ ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ የላሜራ መጨፍለቅ። ሬዲዮው ከመጥራቱ በፊት ሞተር አስነስታ ነበር።

ደረስን። መኪናዋ ከመንገዱ ወጥታ ቦይ ውስጥ በጣሪያዋ ተኝታለች፤ አንድ ጎማ ገና ይሽከረከራል። ነጭ መኪና ናት። በሯ ሰማያዊ ነው። የድፍረታቸው ድፍረት፣ ቀለም ለመቀባት እንኳ አልደከሙም! በሰማያዊው በር ላይ የውድድር ቁጥር ለጥፈው፣ የሰው ንብረት በጠራራ ፀሐይ አውጥተው ይፈነጩባታል።

ኤሊን አየኋት። ፊቷ ላይ ደም የሚባል የለም። ቤንዚን ይሸታል፤ ከጥቂት እርምጃ ማዶ ሰው ሁሉ "አትጠጉ!" እያለ ይጮሃል። እሷ ግን ሮጣ ሄዳ ተንበረከከችና ከፊት መስታወቱ ሥር ያለችውን ቀይ ማጥፊያ ጠመዘዘቻት። ሞተሩ ጸጥ አለ። ማጥፊያዋ የት እንዳለች ማንም አላሳያትም። መኪናዋ ናት።

"ነርሱ፣ ልጁን አውጣ" አለችኝ።

ወጣት ነው። እግሩ ተሰብሯል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ጣሪያው እንደ ወረቀት ተጨማዷል፤ በብረቱ አጥር ውስጥ ግን የሰው ቁመት የሚያህል ቦታ ደህና ሆኖ ቀርቷል። አንገቱን ደግፈን ቃሬዛ ላይ ስናደርገው፣ ከታች አንድ የክብር እንግዳ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው እያለከለከ ደረሰ። የጉምሩኩ ኃላፊ ነው።

"የእህቴ ልጅ ነው! እባክሽ የኔ እህት፣ ቶሎ በይ!" አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። የደንብ ልብሷን አየ፣ ፊቷን አየ።

"ምርመራ ላይ ናት ብለውኝ ነበር" አለች ኤሊ።

ሰውዬው ዓይኑን ወደ ቃሬዛው መለሰ።

"ከኋላ ይግቡ" አለችው። "ልጁ አመመኝ እያለ ነው።"

ያን ቀን የነዳችውን እኔ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። እንደ ሁልጊዜው ነዳች። ልጁ በየኩርባው ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አንድ ጊዜም አልጮኸም። አጎትየው ግን ድንጋጤው ለቀቅ ሲያደርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ስለ መኪናው በኋላ እንነጋገራለን፤ ነገር ማጋነን አያስፈልግም፣ አይደል?" አለኝ።

"ጌታዬ፣ እጅዎን ከቃሬዛው ያንሡልኝ። ሥራ ላይ ነኝ" አልኩት። ሌላ የምለው ብዙ ነበር፤ በሽተኛ ፊት ሆነብኝ።

ልጁን ለድንገተኛ ክፍል አስረክበን ስንወጣ ኤሊ የአምቡላንሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"ብረቱ ነው ያተረፈው" አለች። "ለራሴ ብዬ ያመጣሁት ብረት።" ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁትም።

በማግሥቱ ጉምሩክ ሄድን፤ መኪናዋ በሌሊት ተጎትታ ግቢው ተመልሳለች። የመስኮቷ ሴትዮ ቀና ሳትል ምን ብትል ጥሩ ነው? "ምርመራ ላይ ናት።"

ኤሊ መስኮቱን አልፋ የኃላፊውን ቢሮ በርግዳ ገባች። "ጌታዬ" የሚባለው ነገር ያን ቀን አበቃ።

"አንተ! መኪናዬን ምን አደረግካት?"

"ሥርዓት ያዢ። መኪናዋ ከዚህ ግቢ ወጥታ አታውቅም። ክሬን ሲያነሳት ወድቃ ነው የተጎዳችው።"

"በሩ ላይ ያለውን ቁጥርም ክሬኑ ነው የለጠፈው?"

"የምን ቁጥር?"

"ልጁንስ? የተሰበረውን የእህትህን ልጅ? ክሬኑ ነው ውስጥ ያስገባው?"

ጥበቃ ጠርቶ አስወጣን። ይህ አልበቃው ብሎ የመንግሥት ሠራተኛ ሰደበች ብሎ ለሆስፒታሉ ከሰሳት። የኛ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ከትልቅ ሰው ጋር ምን አጨቃጨቀሽ?" ማስጠንቀቂያ ሰጣት። የተዘረፈችው እሷ፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጣትም እሷ! እኔ በሕይወቴ ቢሮ ውስጥ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። ለእኔም ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ።

ኤሊ ለጉምሩኩ የበላይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገባች፤ እኔም ለማስረጃ ውድድሩን በስልካቸው የቀረጹ ሰዎችን አፈላለግኩ። በዚያው ሰሞን ኤሊ ልጁ የተኛበት ክፍል ገባች። አብሬያት ነበርኩ። ልጁ ሲያያት ፈገግ አለ።

"አንቺ ነሽ አይደል የነዳሽው? እግዜር ይስጥልኝ።"

"መኪናዋ የኔ ናት" አለችው።

ፈገግታው እንዳለ ቀረ። "አጎቴ ገዛሁልህ ብሎ ነው የሰጠኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ይሄንኑ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ፊት ቀርበህ ድገመው።"

"አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው።"

"አዎ፣ አሳድጎሃል። እኔን ደግሞ ዘርፎኛል። ሁለቱም እውነት ነው" ብላው ወጣች። አልለመነችውም።

ጉዳዩ የተሰማ ዕለት ልጁ በክራንች እየተደገፈ መጣ። አጎቱን ሳያይ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። በእሱ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ያን ቀን ወጣልኝ።

ውሳኔ ተሰጠ። መኪናዋ ለባለቤቷ ትመለስ ተባለ። ኃላፊውስ? ተዛወረ። የት? ባሕሩ ዳር ወዳለው፣ ከዚህኛው ወደሚበልጠው ግቢ! የሚያሠራት ካሣ የለም፤ ይቅርታ ያላት ሰው የለም። እንዲያውም ለቆመችበት ቦታ ኪራይ አስከፈሏት፤ ዳገቱን ስትወጣ የዋለችበትም ቀን ተቆጥሮ።

መረከቢያው ላይ "በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ይላል።

"እዚህ ጋ ፈርሚ" አለች የመስኮቷ ሴትዮ።

"በመልካም ሁኔታ አልተረከብኩም።"

"ፎርሙ እንዲህ ነው የሚለው።"

"እኔ ደግሞ እንዲህ አልልም።"

ኤሊ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሰልፉ ከኋላዋ ረዘመ። መጀመሪያ ያጉረመርሙባት ጀመር፤ እኔ ዞር ብዬ የሆነውን ስነግራቸው ግን ማጉረምረሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማቀዝቀዣው ግቢው ውስጥ ተፈታትቶ ያለቀበት አንድ ሰውዬ "ጻፊላት!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሴትዮዋ በመጨረሻ ብዕር አንሥታ "በመልካም ሁኔታ" የሚለውን ሰረዘችና ከላይ "ተገልብጣ" ብላ ጻፈች። ኤሊ ፈረመች።

ወረቀቱን ስታቀብላት ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ፣ "ከግቢ ስትወጣ አይቻት ነበር፣ እህቴ። ልጆች አሉኝ፣ ምን ላድርግ?" አለቻት። ኤሊ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። እኔን ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ወንድሟ በፒክአፑ እየጎተተ፣ እሷ መስታወት በሌለው መኪና ውስጥ መሪ ይዛ ከተማውን አቋረጡ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጋራዡ ውስጥ ጣሪያውን ቆርጠው ጣሉ፣ ሌላ በየዱ፣ የተጣመመውን ቀጠቀጡ፣ የተረፈውን ስርጉድ በስቱኮ ሞሉ። የብረቱ አጥር እንዳለ ነው፤ አልነኩትም። ልጁም እግሩ ሲድን አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ ተገተረ። ኤሊ ብርጭቆ ወረቀት ወረወረችለትና፣ "ከመጣህ አይቀር ይሄን ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ፈግፍግ" አለችው።

ዘንድሮ ተወዳደረች። አራተኛ ወጣች። አዲሱ ጣሪያ ከበደኝ ብላ አሁንም ከወንድሟ ጋር ትጨቃጨቃለች። ያ ሰውዬ ደግሞ ባሕሩ ዳር ትልቁን ግቢ ያስተዳድራል፤ ሻዩን ይጠጣል፣ ከመስኮቱ ውጭ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።