የቻርቫካዎች ጠበቃ ከደጋን

በዩኒቨርሲቲ መምህርነት የተቀጠርኩ ዕለት የደሴን ብርድ ዘንግቼ ከኮምቦልቻ በስስ ሹራብ ወጣሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አስናቀ ስንቀጠቀጥ አይተው «ፈርተሽ ነው በርዶሽ?» አሉኝ። ሁለቱም ነበር። ነባር መምህራን ያልፈለጉትን የህንድ ፍልስፍና ኮርስ ሰጡኝ።

ስዘጋጅ ቀልቤን የሳቡት ቻርቫካዎች ናቸው። እነዚህ የጥንት ፈላስፎች ከቁስ በቀር ሌላ የለም፤ ነፍስም ከሥጋ ተለይታ አትኖርም ይላሉ። በቀጥታ ያላዩትንና ያልዳሰሱትን እንደ እውቀት አይቆጥሩትም። መጻሕፍታቸው ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። የምናውቃቸው በአብዛኛው ተቃዋሚዎቻቸው ሊያፈርሷቸው ሲሉ ከጻፉት ነው። በህንድ የክርክር ወግ የራስን ከመናገር በፊት የባላጋራን ሐሳብ ማቅረብ የተለመደ ነበርና።

ይህንኑ በክፍሌ ልሞክር ብዬ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ዶክተር አስናቀ አስጠሩኝ።

«ክህደት ታስተምራለች የሚል ስሞታ መጥቷል። የቻርቫካዎቹ ምዕራፍ ቢቀርስ?»

እሱ ከቀረ የሌሎቹ ፈላስፎች ክርክር ከማን ጋር እንደነበር አይገባም። ይህን ማስረዳት ስለከበደኝ፣ «ገብተው ይዩትና ይወስኑ» አልኳቸው። ተስማሙ።

የቻርቫካዎች ጠበቃ እንዲሆን የመደብኩት ከደጋን ከተማ የመጣውን ተማሪዬን ሰይድን ነበር።

«ቲቸር፣ ወላሂ ይሄን በአፌ አልልም!»

«የነሱን ነው የምትናገረው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ራስህ ታፈርሰዋለህ።»

«እንግዲያው ትንሽ ላላ አድርጌ ላቅርበው?»

«አይሆንም። አንድ ቻርቫካ ከኋላ ተቀምጦ እንደሚሰማህ አስብ።»

በዕለቱ ከኋላ የተቀመጡት ዶክተር አስናቀ ናቸው። ጠመኔው በላቤ ረጠበ። ሰይድ ጀመረ።

«ከሰው የሰማነው እውቀት አይደለም፤ እውቀት ያየነው ብቻ ነው። ነፍስ ለብቻዋ የለችም፣ አላህ ይጠብቀን። ከሞት በኋላም ምንም የለም፣ አስተግፊሩላህ።»

«አንተ! ቻርቫካ አስተግፊሩላህ ይላል እንዴ?» አለችው ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ተማሪ ትዕግሥት።

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና እየሞቀው ሄደ።

«ጌሾ ለብቻው አያሰክርም፣ ብቅልም አያሰክርም። ተደባልቀው ሲብላሉ ግን ስካር ይመጣል። አእምሮም እንዲሁ ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ቅልቅል ይመጣል።»

«ጠላ ቀምሰህ ታውቃለህ?» አለች ትዕግሥት።

«አዑዙ ቢላህ! ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ከሰው የሰማነው እውቀት አይደለም ብለህ አልነበር? ወይ ቅመስ ወይ ተቀመጥ!»

ጠረጴዛው ተደበደበ። ሰይድ ጥቂት አሰበና «ሰካራም በዓይኔ አይቻለሁ። እሱን ለማየት መቅመስ አያስፈልግም» አላት።

ዶክተር አስናቀ እጃቸውን አወጡ። «ታዲያ ቶሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ጠፋ ልትለን ነው?»

ሁሉም ተራራው ወደሚታይበት መስኮት ዞረ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሰዓቱ ቢያልቅም የተነሳ አልነበረም።

ዶክተር አስናቀ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ምዕራፉ አይቀርም። ሲያፈርሰውም ለማየት እመጣለሁ።»

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቻርቫካዎችን ከሁሉ አጥብቆ የሞገታቸው ሰይድ ሆነ። የት ላይ እንደሚበረቱ ያውቅ ነበር።

አሁንም ያን ኮርስ በደስታ አስተምራለሁ። ለአዲስ መምህራን የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ የሚቃወመውን ሐሳብ በመጀመሪያ አጠንክሮ ያቅርበው። በቅጡ ያላቀረበውን በቅጡ ሊያፈርሰው አይችልም።