በጎረቤቴ እርጋታ የቀናሁበት ዓመት

ጭሮ ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት፣ አንዲት የሂርና ልጅ የሆነች የሒሳብ መምህርት እኔ የምኖርበት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየች። በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ። እሷ ግን ደወል ሳይደወል ክፍል ትገባለች፤ የፈተና ወረቀት በሳምንቱ አርማ ትመልሳለች፤ ተማሪ ሲያስቸግራት ድምጿ ከፍ አይልም። እኔ ያላረምኩት ወረቀት አልጋዬ ሥር ተከምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ቁልፌን ስፈልግ አረፍዳለሁ። ክፍል ስገባ ደግሞ እጮሃለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ሲያመሰግናት አላጨበጨብኩም። "ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ምን ሥራ አለባት" አልኩ አጠገቤ ለተቀመጠችው። እኔም ባልና ልጅ አልነበረኝም።

በዚያው ዓመት ሁለታችንም ለክረምት ሁለተኛ ዲግሪ ልናመለክት ተነጋገርን። እሷ ወዲያው አስገባች። እኔ "ነገ" ስል ቀኑ አለፈ። ትምህርት ቢሮ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ማመልከቻ ተቀባይዋ ላይ ጮህኩባት። ቤት ስመለስ ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች።

"አንቺማ ሲፈጥርሽ የረጋሽ ነሽ፤ ምን አለብሽ" አልኳት። እንዲያማት ፈልጌ ነው።

የምትጽፍበትን ደብተር ወደ እኔ አዞረችው፤ ለራሷ የጻፈችው ነው። "ቁልፍ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ።" "አምስት ወረቀት አርሚ፣ ከዚያ ሻይ።" "ስትናደጂ መጀመሪያ ዞር ብለሽ ሰሌዳውን አጥፊ።" በየገጹ ጥግ በኦሮምኛ "ሱታ" ብላለች፤ ቀስ በይ ማለት ነው።

"ኮሌጅ እያለሁ አንዷን ተማሪ በጥፊ መትቼ ለአንድ ዓመት ተባርሬ ነበር" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ መጻፍ የጀመርኩት።"

ላዝንላት ይገባ ነበር። እኔ ግን ቅናቱ ባሰብኝ። ተፈጥሮዋ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ለካ ተምራው ነው፤ እኔም መማር የምችለውን።

በማግስቱ ማመልከቻ ተቀባይዋን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ወረቀቶቹንም አምስት አምስት እያልኩ ማረም ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን ሁለተኛው ወረቀት ላይ አቆም ነበር፤ ጩኸቱም ባንድ ጊዜ አልተወኝም።

በቀጣዩ ዓመት እኔም የክረምቱን ትምህርት ገባሁ። መናኸሪያ አብረን ሚኒባስ ስንጠብቅ የእሷ ሁለተኛ ክረምት ነበር፣ የእኔ የመጀመሪያ። ሦስት ሻንጣ ይዣለሁ፤ እሷ አንድ። በዚያም ቀናሁ፤ ነገርኳት። ሳቀችና ከባዱን ሻንጣዬን አንስታ ወደ መኪናው ሄደች።