እናቴ «አያውቁም» ተብላ የተቆጠረችበት ወረቀት

ደብዳቤው መጣ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራያችን ሐጂ ሙዘሚል ከሱቃቸው ጠርተው ሰጡኝ፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ነው ጥሎላቸው የሄደው። ፖስታው ላይ ስሜ ከነአባቴ ስም በታይፕ ተመትቷል። ስሜን በታይፕ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «የጻፍሽልንን አንብበናል፤ ጠያቂያችን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ተመልሶ እናትሽንም ሌሎችንም ይጠይቃል» ይላል። ደስታው እግሬን አላስቆም አለኝ። ቸሃ የቀራችሁ ዘመዶቼ፣ እንደ እኛ ተራራውን ተሻግራችሁ ቡታጅራ የገባችሁም፣ ደስታዬ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ንዴቴን ልንገራችሁ።

ስንነሣ ያያችሁ አላችሁ። አባቴ ባረፈ በዓመቱ ነው። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ሲሏት እናቴ ጎጆውን ለአጎቴ አደራ ሰጠች። ጎህ ሲቀድ ቅቤ ነጋዴዎቹ ደጃፍ ቆመው እየጠበቁን፣ እሷ ጓሮ ገብታ እንሰቶቹን አንድ በአንድ በእጇ እየነካች ዞረች። ሁለት ቀን በእግር ሄድን። ተራራው አናት ላይ ብርዱ ጥርሳችንን አንገጫገጨው፤ ወዲህ ስንወርድ ደግሞ ሙቀትና አቧራ፣ በየደጁም የተሰጣ በርበሬ። እኔ ማስነጠስ ጀመርኩና ከተማው ሁሉ የሳቀብኝ መሰለኝ። እዚያ ዝናብ ሲመጣ የእንሰቱ ቅጠል ቀስ አድርጎ ይቀበለዋል፤ እዚህ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ እንኳ መሰማማት የለም።

ሐጂን ቤት እንዲያከራዩን ስንለምን እንዲህ ሆነ። የእሳቸው የመስቃን ጉራጌኛና የእኛ የቸሃው ስላልገጠመ በአማርኛ ነበር።

«ከየት ናችሁ?»

«ከቸሃ።»

«የቸሃ ቆጮ ይኮመጥጣል ይባላል። እውነት ነው?»

እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ «እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

«ባውቅ መች እጠይቅሻለሁ። ይኮመጥጣል?»

«እኛ ምን እናውቃለን።»

«ያ ኢላሂ፣ ሠሪዋ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ይኮመጥጣል አይኮመጥጥም?»

በሦስተኛው ቀና አለች። «የሚኮመጥጠው ሰነፍ የቀበረው ነው» አለቻቸው። ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የጓሮዋን ክፍል ሰጡን።

ያደግንበት ወግ ነው። የተከበረ ሰው ሲጠይቅህ በመጀመሪያው ዕውቀቱን ለእሱ ትመልሳለህ፤ በሁለተኛው ራስህን ዝቅ ታደርጋለህ፤ በሦስተኛው ሐሳብህን ትናገራለህ። በመጀመሪያው የዘረገፈ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ሐጂ ይህን ባያውቁም ትዕግሥት ነበራቸው።

ባለፈው ወር የመጣው አቶ ታደለ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ከአዲስ አበባ ነው፤ ወጣት ነው፤ ከረባቱን አጥብቆ አስሮ በየእርምጃው ጫማውን በመሐረብ ይጠርጋል። ሥራው «ሰርቬይ» ይባላል። ፈረንጆቹ የዓለም ሕዝብ ስለ ዓለም ምን እንደሚያስብ ማወቅ ፈልገው አንዱን ጥያቄ ሕንድም፣ ብራዚልም፣ እኛም ጋ ይጠይቁታል፤ ከዚያ የየአገሩ ሰው ሐሳብ ይኸው ተብሎ ይታተማል። እናቴ ከብራዚል ሴት ጎን ልትጻፍ ነው ብዬ በርጩማውን ራሴ ሮጬ አመጣሁለት።

«በእርስዎ አስተያየት የዛሬው ዓለም ትልቁ ችግር ምንድን ነው?» አላት።

«እርስዎ ያውቃሉ ጌታዬ።»

እርሳሱን ጫር አድርጎ አለፈ።

«ሌላ የዓለም ጦርነት ይነሣል ብለው ያስባሉ?»

«ኧረ እርስዎ ያውቃሉ።»

ጫር።

«የሌላ አገር ሰዎች መጥተው እዚህ ቢኖሩ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

«እርስዎ...» ሳትጨርስ ጫረ።

አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁት። ጭረቶቹ ሁሉ «አያውቁም» የሚለው ሣጥን ውስጥ ናቸው።

«ጋሼ፣ ደግመው ይጠይቋት እንጂ» አልኩት።

«አንዴ ነው የሚጠየቀው።»

«ሦስቴ ነው የሚጠየቀው።»

«እሜቴ፣ እኔ መመሪያ አለኝ። ደግሞ እናትሽ ብቻ አይደሉም፤ እስካሁን ከጠየቅኳቸው የቸሃ ሴቶች አንዷም አላወቀችም።»

ሐጂ ከበሩ ሆነው፣ «ወላሂ ታውቃለች፤ ስለ ቆጮ ስትመልስልኝ ብታያት» አሉት።

«ሐጂ፣ ስለ ቆጮ ጥያቄ የለም» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

እሱ እንደወጣ ያንኑ ጥያቄ እኔ ጠየቅኋት። ለልጇ ሦስት ጊዜ አያስፈልግምና ቆጮውን እየጨመቀች ወዲያው መለሰችልኝ። ስለ ጦርነቱ፣ «እሱን የሚያስነሡት ናቸው የሚያውቁት፤ ያን ጊዜ ማን ወረቀት ይዞ ይመጣብናል?» አለች። ስለ መጤዎቹ ሲሆን እጇ ቆመ። «ይምጡ። ግን የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ክረምት ብቻውን እንዳይከርም። እኔ አንቺ ትምህርት ቤት ስትውይ ያን ክረምት የማናግረው ሰው አልነበረኝም።» ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው አታውቅም ብሎ ለዓለም የላካት።

በማግሥቱ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ሳይል፣ «የመሬት ነው የውርስ?» አለኝ።

«የእናቴ ሐሳብ ነው። ወረቀት ላይ አላስገቡትም።»

«የሐሳብ መዝገብ የለንም። የመሬት አለ፣ የግብር አለ፣ የከብት ስርቆት አለ። ተሰርቋል ካልሽ ከከብቱ ጋር ልጻፍልሽ።»

አብረውት ያሉት ሳቁ። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ነደደኝ። ወጥቼ ከደብተሬ ሁለት ገጽ ቀደድኩና በመጠይቁ ግርጌ ወዳየሁት አድራሻ ራሴ ጻፍኩ፤ የእናቴን መልስ፣ የሦስቱን ጥያቄ ወግ፣ የአቶ ታደለን እርሳስ ሳይቀር።

እና መልሱ ይኸው መጣ። ግን ከታች ሌላ መስመር አለው፤ «ጥያቄው በየአገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቀርብ ለእናንተ ለብቻችሁ ሦስት ጊዜ ልንጠይቅ አንችልም» ይላል። ለእናቴ ሳነብላት ፊቷ ተለወጠ።

«እንግዲያው ይቅር። በዚህ ዕድሜዬ አሳዳጊ የበደላት አልባልም።»

ብራዚሎቹን በወጋቸው ጠይቀው እኛን በእነሱ ወግ መልሱ ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ስበሳጭ ስበሳጭ ቆየሁና አንድ ነገር ታየኝ።

«እማ፣ እሱ ከመጠየቁ በፊት እኔ በሩ ላይ ሁለቴ ብጠይቅሽስ? የእሱ ሦስተኛ ይሆናል።»

«አንቺን ‹እርስዎ ያውቃሉ› ልበልሽ?»

«ለአንድ ቅዳሜ ብቻ።»

ሳቋን ለመደበቅ ዞር አለች። ከዚያ፣ «መጀመሪያ እኔን ጠይቂ» አለችኝ።

ስለዚህ ቡታጅራ ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሐጂ ሙዘሚል ሱቅ ጀርባ ወዳለው ግቢ ኑ። ቸሃ ያላችሁም ከቅቤ ነጋዴዎቹ ጋር ተሻገሩ፤ ክፍላችን ጠባብ ብትሆንም ታሳድረናለች። አውራ መንገዱ ላይ ስለ ዓለም የማያስብ ሰው ካገኛችሁ እሱ ይቅር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ሁለት ጊዜ እጠይቃችኋለሁ፤ ትሕትናችሁን ሁሉ እኔ ላይ ጨርሱት። ከዚያ ግቡና ተናገሩ።