ሰባት ቤት ለመቁጠር ዛሬ ነገ ስንል

ሰባት ቤት ሳይቆጠር መጋባት እንደማንችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስለምናውቅም ነው ነገሩን የማናነሳው።

ለማያውቅ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ በሥጋ ከተዛመድን አንጋባም። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ሽቅብ ይቆጥራሉ። ሁለቱ ዘሮች እስከ ሰባት ድረስ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ወንድምና እህት ናችሁ ይባላል፤ አለቀ። ጎንደር ሳሉ ልጆቹ የሚተያዩት ሽማግሌዎቹ ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ነበር። እኛ ግን ባቡር ላይ ተዋወቅን፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ ተዋደድን፣ የሠርግ አዳራሽ መረጥን፣ ቀን አስያዝን። መቁጠሩ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ የሚደረገውን መጨረሻ ላይ አደረግነው ማለት ነው።

ሥርዓት እወዳለሁ። የሳምንቱ የትምህርት ዕቅዴ ቀድሞ ያልቃል፣ የተማሪ ፈተና ሳላርም አላሳድርም። ይህን አንድ ነገር ግን አሳደርኩት፣ አሰነበትኩት፣ ወቅት አሻገርኩት። እዚህ አገር ለዚህ የተዘጋጀ ሰበብ አለ፤ «ከበዓላት በኋላ» ይባላል። ቧንቧ ሠሪው ይለዋል፣ የጥርስ ሐኪሙ ይለዋል፣ እኛም አልነው። በዓላቱ ሲያልፉ ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነውን የራሳችንን በዓል አንስተን «ከስግድ በኋላ» አልን። ስግድ ሲያልፍ እጮኛዬ የፋብሪካ ፈረቃው እስኪቀየር ጠብቂኝ አለ፤ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የማሽን ቴክኒሺያን ነው። ፈረቃው ተቀየረ። ያን ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤት የውጤት ካርድ ደረሰብኝ አልኩት።

ያስፈራን ነገር ነበራ! እናቱ አንድ ቀን የትውልድ ቀያቸውን ሲያወሩ ሰማሁ። ከአያቴ ቀዬ ጋር ማዶ ለማዶ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ወንዝ ብቻ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ካልጠየቅን ዘመዳሞች ነን ብሎ የሚነግረን አይኖርማ።

ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ስወጣ የአዳራሹ ሴትዮ ደወለች። ቀናችንን ሌሎች ሙሽሮች ፈልገውታል፤ እሁድ ጠዋት፣ እዚህ የሥራ ሳምንት ሲጀምር፣ ካላጸናነው ለእነሱ ትሰጣለች። ለእሱ ደወልኩለት።

«እንልቀቀው፤» አለኝ። «ሌላ ቀን አይጠፋም።»

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቆሜ ነበር። የምንለቀው ቀኑን ብቻ እንዳልሆነ በዚያች ቅጽበት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዛሬ ቀኑን፣ ቀጥሎ አዳራሹን፣ ከዚያ ቀስ እያልን እርስ በርሳችንን ልንለቅ ነው፤ ያውም ማንም ሳይከለክለን! አውቶቡሱን አልጠበቅኩም። ወደ አያቴ ሰፈር በእግሬ፣ እውነቱን ለመናገር በሩጫ ሄድኩ።

አያቴ ከሕንፃው ሥር ከጓደኞቻቸው ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ አንድ ልጅ አለ፤» አልኩ እያለከለክሁ።

«እሱንማ ይሄ አግዳሚ ወንበርም ያውቀዋል፤» አሉ። ጓደኞቻቸው ሳቁ። «መብራት አጥፍቶ መኪናውን ጥግ የሚያቆመው አይደለም?»

«ይቁጠሩልን።»

ሳቁ ቆመ። «የማን ልጅ ነው?»

አባቱን ጠራሁ። አያቱን ጠራሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም።

«ሁለት ብቻ? ለሰው ልጆች ቁጥር የምታስተምሪው አንቺ ነሽ?»

እዚያው ሆኜ ደወልኩለት። «ሽቅብ ስንት ታውቃለህ?»

«ሁለት ተኩል።»

«ተኩሉ ምንድን ነው?»

«ስሙን አውቀዋለሁ፤ በእናቴ ይሁን በአባቴ ግን እንጃ።» ቀጥሎም፣ «የአያቴ እህት ናቸው የሚያውቁት። አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እሁድ ከሥራ በኋላ እንሂድ፤» አለ።

«እሁድ የለም! አሁን መኪናህን ይዘህ ና!»

«ሰንበት ሊገባ?» አሉ አያቴ፤ ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች መኪና አንነዳም፣ ጉዳይም አንጨርስም። ይህን እያሉ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሥተዋል። «መኪናውን ቶሎ ይንዳ እንጂ እኔ ቶሎ አልቆጥርም። ካሁኑ ልንገርሽ።»

የአያቱ እህት የሚኖሩት ከአዲሶቹ ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ጀርባቸው ጎብጧል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ከአያቴ ጋር ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ጤናው፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ። እጮኛዬ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። በመጨረሻ ፊት ለፊት ተቀመጡና ጀመሩ። እኔና እሱ በሩ አጠገብ እንደ ተከሳሽ ቆምን።

እንዴት ደስ እንደሚል ባውቅ ኖሮ ይህን ያህል ባልፈራሁ! የሚጠሩት ስም ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው እስከ ማዶ የሚሰማ አያት አሉን፤ አራተኛው ላይ ንብ አናቢ አለ፤ አምስተኛዋ የእጮኛዬ ወገን ቀይ አፈር ከየት ተሸክማ እንደምታመጣ በሰፈሩ የታወቀ ሸክላ ሠሪ ናት። ያ ሁሉ ሰው እዚያች ሳሎን ውስጥ የገባ መሰለኝ። ፍርሃቴን ረስቼ ቀስ በቀስ ወደ እነሱ ተጠጋሁ።

ስድስተኛው ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ።

ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ነው። የአያቴ ዘር ከወንድ ልጁ፣ የእጮኛዬ ዘር ከሴት ልጁ፣ ከሸክላ ሠሪዋ። እጮኛዬ ግድግዳውን ተደገፈ። አያቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲህ ልጄ…» ብለው ጀመሩ። ምን ሊሉ እንደሆነ ከዓይናቸው አየሁት።

«ቆዩ፣ ምን አስቸኮለዎ?» አሉ የአያቱ እህት። «ልጅቱን እኮ አሳደጋት እንጂ አልወለዳትም።»

«ምን አሉ?»

«ቀጥቃጩ ሚስቱ ሞታበት ወንድ ልጅ ይዞ፣ ሚስትዬዋም ባሏ ሞቶባት ሴት ልጅ ይዛ ነው የተጋቡት። እርስዎ ከወንዱ ልጅ ነዎት፣ እኛ ከሴቷ። በሥጋ ምን አገናኘን?»

«ማን ነገረዎ?»

«እናቴ ናታ!»

አያቴ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «በእሱ ስም ስትጠራ ነው እኔ የሰማሁት።»

«ያሳደገ ስሙን ይሰጣል። ግን ስትዳር ሽማግሌ የተላከው ለማን ነው? ለአጎቷ፣ ለወላጅ አባቷ ወንድም፣ ወገራ ድረስ! ልጅቱ የቀጥቃጩ ልጅ ብትሆን ደጁን አልፈው ተራራ ምን ያስወጣቸዋል?»

አያቴ ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱ። «በቅሎዋ!» ብለው ጮኹ። «ሽማግሌዎቹ ወገራ ሲሄዱ በቅሎ ገደል ገባችባቸው እያለ አባቴ ሲያወራ ነው ያደግኩት። ለምን እንደሄዱ ግን አንድ ቀን አልነገረንም!»

የልጅቱን ወላጅ አባት ዘር ደግሞ እስከ ሰባት ወጡት። ከእኛ ጋር የትም አልተገናኘም። እጮኛዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔ እየሳቅሁ ነው መሰለኝ፤ ጉንጬ ግን እርጥብ ነበር።

«ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልቀረም፤» አሉ የአያቱ እህት። «እስካሁን ምነው ሳትጠይቁኝ?»

ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሲያሳድሩ ነገም ያው የቤት ሥራ ነው እያልኩ እቆጣ ነበር። ለካ ሁልጊዜ ያው አይደለም! መልሱ የተቀመጠው በአንዲት ጀርባቸው በጎበጠ እናት ራስ ውስጥ ነበር። ትንሽ ብንቆይ እሳቸው ባይኖሩ፣ አያቴ ስድስተኛው ላይ ያቆሙ ነበር፤ እኛም ወንድምና እህት ተብለን፣ ባልሆነው ነገር አልቅሰን እንለያይ ነበር። ዛሬ ነገ ስንል ከመጥፎ ወሬ የሸሸን መስሎን ነበር። የሸሸነው ከበቅሎዋ፣ ከንብ አናቢው፣ ከሸክላ ሠሪዋ፣ ከዚህ ሁሉ ደስታ ነው።

እጮኛዬ ብድግ አለ። «አባባ፣ አሁን ከወጣን ሰንበት ሳይገባ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።»

አያቴ በመስኮቱ ወደ ፀሐይዋ አዩ። የቀረችው ጥቂት ናት። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወንበራቸው ላይ ደላደል አሉ።

«እዚሁ አድራለሁ። እሜቴ፣ የወንዱ ወገን እርስዎ ነዎት፣ የሴቷ ወገን እኔ ነኝ። ሽማግሌ ልትልኩ እስከ መቼ እንቀጣጠራለን? ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ይጠይቁኝ እንጂ!»

የአያቱ እህት ልጃቸውን ተደግፈው ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፉ። «ልጅዎን ለልጃችን እንድትሰጡን መጥተናል፤» አሉ፣ ከገዛ ቤታቸው ሳይወጡ።

በእኛ ዘንድ የሴት ወገን በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ አይልም፤ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው። አያቴም እንደ ልማዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ፣ እኛም ከዘመድ ጋር እንመካከርና…»

«አባባ!» አልኩ።

«…ተመካክረናል፤» አሉ። «ሰጥተናል።»