አንድ ኮርስ ብስክሌት ለሁለት

ጎማ በዝናብ ሲርስ የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ባጃጅ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ያ ሽታ ሲመጣብኝ፣ የያዝኩትን ሥራ እረሳና ወደ አንድ የነሐሴ ጠዋት እመለሳለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወስደን ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ልጅ ስታልፍ ነጋዴው ሚዛኑን፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን ትቶ ነበር የሚያያት። እኛ ሁለት ነበርን፤ እኔ ዘሃራና ሀብታም የምትባለው ጓደኛዬ።

ሀብታም የጉና ተራራ ሥር ገበሬ ልጅ ናት። ለትምህርት ከተማ ስትመጣ እኛ ግቢ ካሉት ክፍሎች አንዷን ተከራይታ ነበር የምትኖረው። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቿ በእግሯ ትወጣና እሑድ ወደ ማታ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ክፍሏ የተቆላ ገብስና አፈሩ ያልተራገፈ ድንች ይሸታል። እኛ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን ብንሆንም እናቴ ከልጆቿ ለይታ አታያትም ነበር። በጾም ሰሞን ለሀብታም ብቻ የምትሠራባት አንዲት ትንሽ ድስት ነበረቻት፤ ያችን ድስት ማንም ለሌላ ነገር እንዲነካት አትፈቅድም። ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳው ላይ ገበጣ እንጫወታለን። ሀብታም መሸነፍ አትወድም፤ እኔ ከሷ ብሼ አልወድም።

አባቴ ገበያው መግቢያ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ብስክሌት መንዳቴን አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው፣ ታጥፎ የተቀመጠውን ጨርቅ እንደገና ማጠፍ ይጀምራሉ። ጎረቤቶች ልጅዎ በብስክሌት አለፈች ሲሏቸው፣ አላየኋትም ይላሉ አሉ።

ያሠለጥኑን የነበሩት የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ታደለ ናቸው። የነበረን አንድ አሮጌ ኮርስ ብስክሌት ብቻ ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የሚታይ። በየተራ ነበር የምንነዳው። አንዷ በጋይንት መንገድ ዳገቱን ወጥታ እስክትመለስ ሌላዋ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ተራችን ደርሶ ስንወጣበት ኮርቻው ገና ሙቀቱ አይለቀውም። ከባሕር ዛፉ ሥር የሚነሳው ብርድ ጆሮአችንን እየቆረጠው፣ የገብስ ማሳውን ግራና ቀኝ እያየን ስንወርድ ያለው ደስታ ከዚያ ወዲህ በምንም አልተተካልኝም።

በዚያ ዓመት ለዞናችን አንድ ክሮኖ ብስክሌት በውሰት መጣ። ክሮኖ ለግል የሰዓት ውድድር ብቻ የተሠራ ነው። በዚህ ውድድር ሁሉም በአንድ ላይ አይነሱም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ተራው ሲደርስ ብቻውን ይነሳል፣ የሚታገለውም ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ክርንን መሪው ላይ አሳርፎ፣ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባን አጎንብሶ ነው የሚነዳው። ጥቁር ነበር። መጀመሪያ ያየነው ቀን ሳንነካው ዙሪያውን ዞርነው።

መምህር ታደለ ሁለታችንንም በኮርሱ አስነድተው ሰዓት ያዙብን። ሀብታም በለጠችኝ። ክሮኖው ለሷ ሆነ፣ ኮርሱ ለኔ ቀረ። ምነው የኔ ብቻ በሆነ እያልኩ ስመኘው የኖርኩት ኮርስ፣ ያን ዕለት የኔ ብቻ ሲሆን አስጠላኝ። ቤት ገብቼ እራት አልበላም አልኩ። ስለ ብስክሌት ቃል ተንፍሰው የማያውቁት አባቴ ሻያቸውን እየጠጡ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም አሉ። ለማን እንዳሉት አልተናገሩም፤ ወደ ማንም አላዩም።

በዚያ ክረምት በሚደረገው የዞኖች ውድድር ከሴቶች አንደኛ የምትወጣው ልጅ ባሕር ዳር ሄዳ እየሠለጠነች ትማራለች ተብሎ ነበር። ለሀብታምም ለኔም ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። መምህር ታደለ እየወሰዱ ፎገራ ሜዳ ላይ አለማመዱን፤ ውድድሩ የታሰበው እዚያ ነበርና። በሜዳው ላይ ሀብታም በክሮኖው ስትሄድ ከኋላዋ መድረስ ቀርቶ ጥላዋን መርገጥ አቃተኝ። ከሩዝ ማሳው መካከል ጥቁር ነጥብ ሆና ትጠፋለች። እኔ መሪዬን ጨብጬ ነፋሱን በደረቴ እገፋለሁ።

ነሐሴ ሲገባ ግን ዝናቡ በረታ። ሜዳውን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ በመንገዱ ላይ ፈሰሰ፣ ሜዳው ባሕር መሰለ። አዘጋጆቹ ውድድሩን ወደኛው ከተማ አመጡት። ከደብረ ታቦር መውጫ ተነስቶ ወደ ወረታ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ፣ ከታች ያለው ድልድይ ጋ ዞሮ በዚያው ዳገት መመለስ ሆነ። መምህር ታደለ ይህን ሲሰሙ ክሮኖውን ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሲነዳ ፍሬኑ ከጣት ይርቃል። ለሜዳ ተሠርቶ የመጣ ብስክሌት በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን አላወቁም፤ ሌላ ብስክሌትም የለም።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ጭጋጉ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ቡሄ ማለፉ ስለነበር የተበጠሰ ጅራፍ በየመንገዱ ዳር ወድቋል። እናቴ በዚያች ትንሽ ድስት ለሀብታም የጾም ገንፎ ሠርታላት፣ እንድትበላ ከአጠገቧ አልነቃነቅ አለች። ሀብታም ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወረደላትም። ከዚያ በፊት በማለዳ ክሮኖውን ይዛ እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ወርዳ ነበር፤ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ምን ሆነሽ ብላት ምንም አለችኝ።

እኔ ከመጀመሪያዎቹ ተነሺዎች ነበርኩ፤ እሷ ከመጨረሻዎቹ። ተራዬ ደርሶ ስለቀቅ ጭጋጉ ዋጠኝ። ዝናቡ ፊቴን እንደ ጠጠር ይመታኛል። ሻሼ ከራስ ቁሩ ሥር ርሶ አንገቴ ላይ ተጣብቋል። ግን መሪው ውስጥ ተጠቅልሎ የገባው እጄ ፍሬኑን ጨብጦታል፤ በየጠመዝማዛው ትንሽ ይዤ፣ ትንሽ ለቅቄ ወረድኩ። ድልድዩን ዞሬ ዳገቱን ስጀምር ከኮርቻው ተነሳሁ። ያን ዳገት ቆሜ ነው የወጣሁት ማለት ይቻላል። ደረቴ ይቃጠላል፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ። ጃንጥላ የያዙ ሰዎች መንገዱ ዳር ተሰልፈው ነበር፤ ማንንም አልለየሁም።

ስጨርስ መምህር ታደለ የያዙትን ሰዓት ወደኔ አዙረው አሳዩኝ። ከገቡት ሁሉ ፈጣኗ እኔ ነበርኩ።

ትንፋሼ ሳይመለስ አንድ መኪና ከታች መጣ። ከሌላ ዞን የመጣች፣ እንደ ሀብታም በክሮኖ የወረደች ልጅ ጠመዝማዛው ላይ ተንሸራታ ወድቃለች። ክንዷ ተልጦ ደም በደም ሆኗል። ቀና ስል ሀብታም ክሮኖውን ይዛ ሰልፉ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ የቀሩት ጥቂት ልጆች ናቸው። ከንፈሯ ደርቋል። የምታየው የወደቀችውን ልጅ አልነበረም፤ መንገዱን ነበር።

ኮርሱን ስጪኝ አላለችኝም። ሀብታም ለምና አታውቅም። እኔ ግን አውቄው ነበር። በዚያ ክሮኖ ከወረደች ወይ ትወድቃለች፣ ወይ ፍሬኗን እንደያዘች እያዘገመች ትወርዳለች፤ በሁለቱም እኔ አንደኛ ነኝ። ኮርሱን ከሰጠኋት ደግሞ በዚሁ ብስክሌት አንድ ጊዜ በልጣኛለች። ገፍቼው ሄድኩና ፊቷ አቆምኩት።

“ያዢው” አልኳት።

“ኮርሱን?”

“ኮርሱን።”

መምህር ታደለ መሃላችን ገቡ። “ዘሃራ፣ እስካሁን አንደኛ ነሽ። አስበሽበት ነው?”

አዎ አልኳቸው። አላሰብኩበትም ነበር። ባስብበት ኖሮ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

ዳኛው ተጠየቁ። ብስክሌት መዋዋስ አይከለከልም፣ ሰዓቱ ግን ማንንም አይጠብቅም አሉ። ሀብታም እግሯ ከኔ ይረዝማልና ኮርቻው ከፍ ማለት ነበረበት። መፍቻ ተገኘ፤ በዝናቡ እጃችን እያንሸራተተን ብሎኑን አላላን፣ ኮርቻውን አነሳን፣ መልሰን ማጥበቅ ጀመርን። አጠገባችን የቆሙ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ነበር ያሉት። የሀብታም ስም ተጠራ። ብሎኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሳንጠመዝዘው ዘላ ወጣችበትና በጭጋጉ ውስጥ ጠፋች።

ከዚያ የነበረውን ጥበቃ እንዴት ልንገራችሁ። ከታች የመጡ ሰዎች የሀብታም ኮርቻ ወርዷል አሉ። እውነትም ገና ከድልድዩ ሳትዞር ኮርቻው ተንሸራቶ ወደ ታች ወርዶባታል። እንደዚያ ሆኖ ቢቀመጡበት ጉልበት ከደረት ጋር ይጋጫል። አልተቀመጠችም። ከጭጋጉ ስትወጣ ቆማ ነበር የምትነዳው፣ ዳገቱን በሙሉ ቆማ፤ ልክ ስንቋን ተሸክማ ከጉና እንደምትወርድባቸው ቀናት አገጯን ወደ ፊት ሰዳ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መስመሩን ስታልፍ መምህር ታደለ ሰዓቱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። በዚያው አወቅኩት። የበለጠችኝ በጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን በለጠችኝ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። አቅፌያት፣ እንኳን ደስ አለሽ ብያት፣ ከአንድ አጥር ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ኮርሱን እየገፋሁ በሱቃችን በኩል ሳልፍ አባቴ ፊታቸውን አላዞሩም። በእጃቸው ጠሩኝ። ብስክሌቱን ደጃፍ ላይ አስደግፌ ገባሁ። የካፖርታቸው ትከሻ ርሶ ነበር፤ ጃንጥላቸው በሩ ሥር ተዘርግቶ ውኃ ያንጠባጥባል። የት እንደዋሉ ገባኝ።

“ብስክሌቱን ስትሰጫት መሪውን ቶሎ አልለቀቅሽውም” አሉኝ።

“ዳገቱ አድክሞኝ ነው፣ አባባ።”

“አይደለም።” የተዘረጋውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ። “ሳትወጂ ነው የሰጠሻት። ወዶ መስጠትማ ማንን ያቅተዋል።”

ያን ዕለት እራቴን በላሁ።

መስከረም ላይ ሀብታም ባሕር ዳር ሄደች። ክሮኖው ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ኮርሱ እኔ ጋ ቆየ፤ ትምህርቴን እስክጨርስ ነዳሁት፣ ከዚያ መምህር ታደለ ለሌሎች ልጆች ሰጡት። ሀብታም ጥቂት ዓመታት ተወዳደረች፣ ጉልበቷን ታመመች፣ ተምራ የስፖርት መምህርት ሆነች። አሁን እብናት ባልና ልጆች አሏት። አባቴ ካረፉ ቆዩ፤ ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ።

ባለፈው ጥር እኔን ልትጠይቅ መጣች። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ስለዚያ ቀን ተነጋግረን የማናውቀውን ነገር አነሳች። የመጨረሻውን ዳገት ስትወጣ መንገድ ዳር ሰዓት የያዘ ሰው እየበለጠችኝ መሆኗን ጮኾ ነግሯት ነበር። ያን ጊዜ ላዘግም አስቤ ነበር አለችኝ። ታዲያ ምነው ተውሽው አልኳት።

“ብለቅልሽ ይቅር ትዪኝ ነበር?”

አሰብኩበት። “አልልሽም ነበር” አልኳት። ሁለታችንም ደንበኛ እስኪዞር ድረስ ሳቅን።

አሁን ከተማችን ሰፍቷል፤ ያኔ ገብስ የነበረበት ቦታ ላይ ሕንፃ ቆሟል። ሴት ልጅ በብስክሌት ስታልፍ ሚዛኑን ትቶ የሚያያት የለም፤ ይህ ደስ ይለኛል። ግን እኔና ሀብታም በአንድ አሮጌ ኮርስ እየተፈራረቅን፣ ፈለግን ወደ ጋይንት፣ ፈለግን ወደ ወረታ እንወጣ ነበር፤ የምንፈራው ዝናብና የአውቶቡስ ጡሩምባ ነው። ዛሬ መኪና እያለን፣ ተኩስ ስለማይጠፋ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ሳንል ከቤት አንነሳም። ቅርብ የነበረችው እብናት ርቃለች።

ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጇን ያዝኩና ስትደርሺ ደውዪልኝ አልኳት። እሺ አለችኝ። በልጅነታችን እንዲህ ተባብለን አናውቅም።